ልጁን ምን ነካው?

ጎንደር ውስጥ የልጅ ሕመም ሲነሳ ብረት አብሮ ይነሳል። አንድም ጠባቂ ሆኖ ነው። አራስ ቤት ስትገቡ ከእናትየው ራስጌ ቢላዋ ወይም መርፌ ታያላችሁ፤ ክፉ ነገር እንዳይጠጋ ነው። አንድም ተከሳሽ ሆኖ ነው። ልጁ ከሳ፣ ጡት እምቢ አለ፣ ሌሊት ጮኸ ሲባል ድሮ ጣት የሚቀሰረው ብረት ቀጥቃጩ ላይ ነበር። "ቡዳ በላው" ይባላል። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ ቤተ እስራኤሎች ብረት ሲቀጠቅጡና ሸክላ ሲሠሩ የኖሩባት መንደር ናት። ገበሬው ማረሻና ማጭዱን ከእነሱ ይገዛል። ሲመለስ ደግሞ ልጁን ከዓይናቸው ይሸሽጋል። አብዛኞቹ በ1980ዎቹ አጋማሽና በ1991 ወደ እስራኤል ሄዱ። ክሱ ግን አብሯቸው አልሄደም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ወደፊት የማነሳቸው ጥናቶች በዚያው ስለሚታወቁ ነው፤ አትቀየሙኝ።)

ይህን ሁሉ የማነሳው በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ እኛ ቤት ማሙሽ ነው የሚባለው። ማሙሽ ኦቲዝም አለበት፤ አንጎሉ ከሌሎች ልጆች በተለየ መንገድ ነው የሚያድገው። አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው። ሲደሰት እጁን ያርገበግባል። የባጃጅ ጎማ ሲሽከረከር ካየ ከዚያ የሚነቅለው የለም። እኛ ይህን ለምደነዋል። ያልለመድነው ጥያቄውን ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቅዳሜ ገበያ፣ የትም ብንሄድ "ውይ፣ ልጁን ምን ነካው?" የሚል አይጠፋም።

ጠያቂው ደግሞ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን "ዓይን ነው ልጄ፣ ጠበል ውሰጂው" አሉ። እህቴ ወሰደችው። ውሃው ብርድ ነበር፤ ልጁ ጮኸ። መጮሁን ሰው እንደ ማስረጃ ያዘው። ብርድ ውሃ ላይ የማይጮኽ ልጅ እስካሁን አላየሁም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ክትባት ነው አለች። ከሁሉም የተማረ የሚመስለው መልስ የመጣው ግን በቴሌግራም ነው። የማሙሽ አንጎል በከባድ ብረቶች ተሞልቷል፣ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይዞታል፣ ይህን ጠራርጎ የሚያወጣ ጠብታ አለ። መጀመሪያ የልጁ ፀጉር ተቆርጦ ለምርመራ ይላካል። ከዚያ ጠርሙሱ ይመጣል። ዋጋው የእህቴን የወር ደሞዝ ይጠጋል።

እህቴ ስልኩን ሰጠችኝ። "አንቺ የኬሚስትሪ መምህር አይደለሽ? እውነት ነው ውሸት?"

አይደለም ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ። ግማሹ እውነት ባይሆን ኖሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጨርሰው ነበር።

ከእውነቱ ልጀምር። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ የሚሆነውን ብቻውን ይጨርሳል። ሴል ኃይል ሲያመርት ከመስመር የሚያፈተልኩ፣ ኤሌክትሮን የጎደላቸው ቅንጣቶች ይወጣሉ። ፍሪ ራዲካል ይባላሉ። የጎደላቸውን ከአጠገባቸው ካገኙት ይነጥቃሉ፤ የተነጠቀው ደግሞ በተራው ሌላውን ይነጥቃል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አንድ ጥግ የጀመረ ዝገት ካልተገታ ዳር እስከ ዳር እንደሚበላው ማለት ነው። አንጎል በዚያ ላይ ብዙ ስብ አለው፤ ያውም ቶሎ የሚበላሸውን ዓይነት። ነጣቂዎቹ ከመከላከያው ሲበዙ ነው ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚባለው።

መከላከያውስ? ግሉታታዮን የሚባል ትንሽ ሞለኪውል አለ፤ ኤሌክትሮኑን ሰጥቶ ነጣቂውን ያበርዳል። ኢንዛይሞችም አሉ። በ1969 ማኮርድና ፍሪዶቪች የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የሚባለውን ኢንዛይም ሥራ አሳዩ። ይህ ኢንዛይም ያለ ብረታ ብረት አይንቀሳቀስም። አንዱ ዓይነት መዳብና ዚንክ ይፈልጋል። ሌላው፣ ሴሉ ኃይል የሚያመርትበት ቦታ ውስጥ ያለው፣ ማንጋኒዝ ይፈልጋል። "ብረቶችን በሙሉ ጠራርጎ ያወጣል" የሚለው ማስታወቂያ መጀመሪያ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ጠርገን ካወጣናቸው እሳት አጥፊዎቹም አብረው ወጡ።

የደም አይረን የምንለውም እንደዚሁ ነው። ነርቭን የሚሸፍነው ማይሊን ሲሠራ አይረን ያስፈልጋል። ዶፓሚን ሲመረትም ያስፈልጋል። ሳይታሰር ሲዞር ግን ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ይገናኝና ከፍሪ ራዲካሎች ሁሉ ክፉ የሚባለውን ይወልዳል። ሄንሪ ፌንተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1894 የጻፈው ኬሚካላዊ ምላሽ ነው። ለዚህ ነው ሰውነት አይረንን በፕሮቲን ጠቅልሎ የሚያኖረው። ለዚህም ነው ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የአይረን ክኒን ትንሽ ልጅ በብዛት ከዋጠው ሊገድለው የሚችለው። እባካችሁ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

እርሳስና ባዜቃ (ሜርኩሪ) ግን ሰውነት ውስጥ አንዳች ሥራ የላቸውም። እርሳስ ስል ሌድ የሚባለውን ብረት ነው። ልጆች የሚጽፉበት ግራፋይት ስለሆነ በዚህ ክስ የለበትም። ላለመደናገር ከዚህ በኋላ ሌድ እለዋለሁ።

ሌድ የሚገባው ካልሲየም መስሎ ነው። አንጎልን ከደም የሚለየውን አጥር ያልፋል። ነርቮች የሚነጋገሩበትን ሥርዓት ይረብሻል። ግሉታታዮንን ይዞ ያስቀረዋል። ደም ለመሥራት የሚያስፈልግ አንድ ኢንዛይምንም ያግዳል፤ ሥራው ሲቆም የሚከማቸው ጥሬ ዕቃ ራሱ ፍሪ ራዲካል ያመነጫል። ሕፃን ከዋጠው ሌድ ውስጥ ወደ ደሙ የሚገባው ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል። የሚቀረው አጥንት ውስጥ ገብቶ አሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ሴት ልጅ አድጋ ስታረግዝ ለጽንሱ ካልሲየም ከአጥንቷ ሲወጣ እሱም አብሮ ይወጣል። በልጅነቷ የዋጠችው ነው እንግዲህ።

የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የሌድ መጠን አይታወቅም ይላል። ይህ በአንድ ጀምበር የተደረሰበት አይደለም። በ1979 ኸርበርት ኒድልማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከተማሪዎች የወለቀ የወተት ጥርስ ሰብስቦ በውስጡ ያለውን ሌድ ለካ። ልጆቹ የታመሙ አልነበሩም፤ ማንም "ምን ነካቸው" ያላቸው የለም። ጥርሳቸው ውስጥ ብዙ ሌድ የተገኘባቸው ግን የማሰብ ችሎታ ፈተና ላይ ዝቅ አሉ። መምህራኖቻቸውም ትኩረታቸው ቶሎ የሚበተን ብለው ነበር የጻፉላቸው። እኛ ጥርሱን ጣሪያ ላይ ወርውረን ስንገላገል ሰውዬው ከእሱ ይህን አወጣ።

ከ38 ዓመት በኋላ ጥርስ እንደገና መጣ። ጥርስ በየቀኑ ሽፋን በሽፋን ስለሚያድግ የትኛው ብረት በየትኛው ሳምንት እንደገባ ሊነበብ ይችላል፤ ከመወለድ በፊት ያለውም ጭምር። በ2017 ማኒሽ አሮራና ባልደረቦቹ የስዊድን መንትዮችን የወተት ጥርስ መረመሩ። ከጥንዶቹ አንዳንዶቹ ውስጥ አንዱ ኦቲዝም አለበት፣ ሌላው የለበትም። ኦቲዝም ያለበት ጥርስ ውስጥ ሌድ በዛ፤ ማንጋኒዝ ደግሞ አነሰ። ዚንክም በተወሰነ ጊዜ ላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከዚያ ቀደም በ2004 ጂል ጄምስ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ኦቲዝም ካለባቸው 20 ልጆች ደም ወስደው ግሉታታዮናቸው ከሌሎች ልጆች ዝቅ ብሎ አግኝተውት ነበር። ሌሎችም ተመሳሳይ ነገር አይተዋል።

ማስታወቂያው የተጠቀመው ይህንን ነው። እስከዚህ ድረስ አልዋሸም።

አሁን ወደ ማሙሽ ልመለስ። የተከራዩበት ቤት መስኮት ፍርግርግ ብረት አለው። ላዩ አረንጓዴ ቀለም ነው፤ ከአረንጓዴው ሥር ቢጫ፣ ከቢጫው ሥር ዝገት። ማሙሽ አልጋው ላይ ይቆምና ግንባሩን ፍርግርጉ ላይ ያስደግፋል። በአውራ ጣቱ ጥፍር ከታች ወደ ላይ ይፍቃል። ቅርፊቱ እንደ ጥፍሩ ስፋት ሆኖ ሲነሳ አይቸኩልም፤ ገልበጥ አድርጎ ቢጫውን ጎን ያየዋል። ከዚያ ምላሱ ላይ ያኖረዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ያጣጥመዋል። የማይበላ ነገር መብላት ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ በብዛት የሚታይ ነው። ቢጫ ቀለም ደግሞ፣ በተለይ የብረትና የእንጨት የዘይት ቀለም፣ ለዘመናት የሚቀመመው በሌድ ክሮሜት ነበር።

እንግዲህ ነገ የማሙሽ ደም ቢመረመርና ሌድ ቢገኝበት፣ ኦቲዝሙን ያመጣው ሌዱ ነው ወይስ ሌዱን ያመጣው ኦቲዝሙ? ማሙሽ ሥጋም ጎመንም አይነካም። ፓስታ ነው የሚበላው፤ እሱንም ነጭ ሆኖ ስልስ ያልነካው። ዚንኩ ቢያንስ፣ ግሉታታዮኑ ቢጎድል ምን ይገርማል? ኦክሲዴቲቭ ስትረሱ የነገሩ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ መዘዙም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ጎን ለጎን የሚሄዱ የሦስተኛ ነገር ውጤቶች ሊሆኑም ይችላሉ። በጥርስም በደምም የተገኘው ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው ነው። የመንትዮች ጥናቶች ሲጠቃለሉ ደግሞ በኦቲዝም ላይ በሰውና በሰው መካከል ካለው ልዩነት 80 በመቶ ገደማው ከዘር የሚመጣ መሆኑን ያሳያሉ። እኛ ቤተሰብ ውስጥ ሰዓት ፈታቶ መልሶ ሲገጥም የሚውል፣ ሰላምታ የሚጠላ አጎት አለን። እሱን ማንም ምን ነካህ ብሎት አያውቅም፤ "ጭምት ነው" ይባላል።

ማስታወቂያው ይህን ሁሉ ዘልሎ መድኃኒት ይሸጣል። ብረትን ከደም የሚያወጡ መድኃኒቶች በእርግጥ አሉ። በሌድ ክፉኛ የተመረዘን ልጅ ሕይወት ያተርፋሉ። በ2010 ናይጄሪያ ዛምፋራ ውስጥ ወርቅ ለማውጣት ድንጋዩን መንደር ውስጥ ሲፈጩ በአቧራው ብዙ መቶ ሕፃናት አለቁ፤ ከተረፉት ብዙዎቹ በእነዚህ መድኃኒቶች ታክመዋል። ለኦቲዝም ሲሆን ግን ታሪኩ ሌላ ነው። በ2005 አሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ኦቲዝም ያለበት የ5 ዓመት ልጅ ይህን ሕክምና በደም ሥሩ ሲወስድ ካልሲየሙ ወርዶ ልቡ ቆመ። የአሜሪካ መንግሥት የአእምሮ ጤና ተቋም ለኦቲዝም ሊያደርገው የነበረውን ሙከራ በ2008 ሰረዘ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሌድ የሌለባቸው አይጦች መድኃኒቱን ወስደው የመማር ችሎታቸው ለዘለቄታው መጎዳቱ ነው።

እኔን ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የ2001 ውጤት ነው። ሌድ በእርግጥ ደማቸው ውስጥ የተገኘባቸው 780 ሕፃናት ላይ የተደረገ ሙከራ ነበር። መድኃኒቱ ሌዱን ቀነሰ። የማሰብ ችሎታቸውን ግን አላሻሻለውም። አንዴ ከገባ በኋላ ብናወጣውም የወሰደውን አይመልስም ማለት ነው። በእርግጥ ሌድ በነበረባቸው እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ በፀጉር ምርመራ "ተገኘ" ለተባለ ልጅ ጠብታው ምን ይፈይዳል? የፀጉር ምርመራው ራሱ አያስተማምንም። አንዳንዶቹ መጀመሪያ ብረት የሚስብ መድኃኒት ያጠጡና ከዚያ ሽንት ይለካሉ። እንዲያ ከሆነ የእኔም የእናንተም ሽንት "መርዝ" ያሳያል።

ክትባትን በአጭሩ ልለፈው። በ1998 አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም በ12 ልጆች ላይ ተመርኩዞ የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘበት ጽሑፍ በ2010 በመጽሔቱ ተሰርዟል። ክትባት እንዳይበላሽ የሚጨመረው ባዜቃ ያለበት ማቆያ ከአሜሪካ የሕፃናት መደበኛ ክትባቶች ከወጣ ከ2001 ወዲህ የኦቲዝም ቁጥር አልቀነሰም። የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ድሮም አልነበረበትም። በ2019 ዴንማርክ ውስጥ ከ650 ሺህ በላይ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናትም ግንኙነት አላገኘም። ኩፍኝ ግን ልጅ ይገድላል። አለቀ።

ባዜቃ በሌላ መንገድ ሲገባ ግን ቀልድ የለም። ጃፓን ሚናማታ ውስጥ ቺሶ የተባለ ፋብሪካ ፍሳሹን ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 ነው፤ መልቀቁ የቆመው በ1968። ዓሣ የበሉ ድመቶች እየተንዘፈዘፉ ወደቁ። ከዚያ ሰው። አንዳንድ እናቶች ራሳቸው ብዙም ሳይታመሙ አንጎላቸው የተጎዳ ልጆች ወለዱ። ጽንሱ ባዜቃውን ከእናቱ ደም ስቦ ስለሚያከማች ነው። እኛ ዘንድ ባዜቃ በዓሣ አይመጣ ይሆናል። ገበያ የሚሸጡት ፊት የሚያቀሉ ክሬሞች ግን አሉ። ብዙዎቹ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ከፊቷ ብታርቃቸው እመክራለሁ። ኩልም ቢሆን፣ ከድንጋይ ተፈጭቶ የሚሸጠው፣ በብዙ አገር ሲመረመር የሌድ ማዕድን ተገኝቶበታል። ለሠርግ የተኳለችውን አልነካም። የሕፃን ዓይን ላይ ግን ይቅር።

ማንጋኒዝን በተመለከተ የራሳችን ጉድ አለ። ተማሪ ሳለን ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረን ጥቁሩን ዱቄት በውሃ እያሸን ሰሌዳ እናጠቁር ነበር። ያ ዱቄት ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው። እጃችንን ዩኒፎርማችን ላይ ጠርገን ቆሎ እንበላ ነበር። ማንጋኒዝ ሲያንስ ከላይ ያልኩት ኢንዛይም ይጎዳል፤ ሲበዛ አንጎል ይጎዳል። የማዕድን ሠራተኞች ላይ ከታየ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

አሁን ከቤታችን ዝቅ ብሎ ስላለው ባትሪ አዳሽ ልንገራችሁ። ጋሼ ነው የምንላቸው። የመኪና ባትሪ ያድሳሉ፤ መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምበትን የሶላር ባትሪም ያድሳሉ። ባትሪውን ገልብጠው አሲዱን ወደ ቦዩ ያፈሳሉ። ግራጫውን የሌድ ሰሌዳ በመዶሻ ይነቅሉታል። በከሰል ምድጃ ላይ አቅልጠው አዲስ ጫፍ ያወጡለታል። ከዚያ በዚያው ቱታ ቤት ገብተው የልጅ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ሴኔጋል ዳካር ዳርቻ፣ ቲያሮዬ በምትባል ሰፈር፣ በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ 18 ሕፃናት የሞቱት ከባትሪ ሌድ ነው።

ይህን አውቄ ዝም ማለት ከበደኝ። እሳቸው ላይ ጣት መቀሰርም ከበደኝ፤ የወለቃ ቀጥቃጮች ናቸው ትዝ ያሉኝ። ልዩነቱ እዚህ ያለው ዓይን ሳይሆን አቧራ ነው። አቧራ ደግሞ ይታጠባል።

"ጋሼ፣ ያ የሚቀልጠው ነገር ለልጆች መርዝ ነው" አልኳቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ሰላሳ ዓመት ሠራሁበት። ምን ሆንኩ?"

"እርስዎ አዋቂ ነዎት። የሚጎዳው ትንሹ ነው።"

ዝም አሉ። ሲቆዩ "ታዲያ ምን ላድርግ? እንጀራዬ ነው" አሉ። ይህኛው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቱታውን ውጭ ማውለቅ፣ እጅና ፊት በሳሙና ታጥቦ መግባት፣ ልጆች ምድጃው አጠገብ እንዳይደርሱ ማድረግ፣ መሬቱን በደረቁ ሳይጠርጉ በውሃ ማጠብ። አሲዱን የሚቀበል ቦታ የለም፤ እሱ ከእሳቸው አቅም በላይ ነው። አሁን ቱታው ደጅ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ያድራል። ቦዩ እንዳለ ነው።

ሌላው ርካሹ መከላከያ አይረን ነው። ሌድና አይረን አንጀት ውስጥ የሚገቡበት በር አንድ ነው። አይረን ያነሰው ልጅ በሩን ሰፋ አድርጎ ስለሚከፍተው ሌዱም በዚያው ይገባል። ጤፍ ብዙ አይረን አለው ሲባል ሰምታችኋል። ጥሩ ድርሻው ግን ከአውድማው አፈር የተደባለቀ ነው፤ ሰውነት በደንብ አይጠቀምበትም። ሊጡ በደንብ ሲቦካ አይረኑን አስሮ የሚይዘው ነገር ስለሚቀንስ የእናቶቻችን እርሾ ውለታ አለው። ምሳ ተበልቶ ወዲያው የሚፈላው ቡና ግን ይቀንሰዋል። ቡናውን ተዉ አልልም፤ ሰውም አይሰማኝም። ትንሽ ይቆይ። በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ በብረት ድስት የተሠራ ምግብ የበሉ ልጆች በአሉሚኒየም ድስት ከበሉት ይልቅ ደማቸው እንደተሻሻለ አሳይቷል። ብረት ድስት ስል እውነተኛውን፣ ካልታጠበ የሚዝገውን ማለቴ ነው። ከቁርጥራጭ ቀልጦ የተሠራ የአሉሚኒየም ድስት ሌድ ሊኖርበት እንደሚችል ካሜሩን ውስጥ ተለክቶ ታይቷል።

እህቴ ጠብታውን አልገዛችም። ማሙሽን ሐኪም ጋ ወሰድነው። በደም ውስጥ ያለ ሌድ መለካት እኛ ጋ እንደ ስኳር ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ነገር አይደለም። ሐኪሙ ማድረግ የሚችለውን አደረገ፤ የደም ማነስ አገኘ። ያ ሁሉ ሰው ብረት በዝቶበታል ሲለን ልጁ የጎደለው ብረት ነበር። የአይረን ሽሮፕ ታዘዘለት። ቀለም መላጡም ቢሆን ከደም ማነስ ጋር ሊያያዝ ይችላል አለን፤ አይረን ያነሰው ሰው አፈርና ኖራ ያምረዋል። ሽሮፑ ጥርሱን አጠቆረው፤ ልጁ ግን ፊቱ መለስ አለ፤ ቀን ቀን መተኛቱን ተወ። ኦቲዝሙ እንዳለ ነው። እንዳለ ይሆናልም።

እህቴን የከበዳት ሌላ ነገር ነው። ሌሊት ሌሊት የእርግዝናዋን ወራት ትቆጥራለች። ምን በላሁ፣ የት ሄድኩ፣ የአይረን ክኒኑን አቅለሽልሾኝ ስንቱን ቀን ተውኩት። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ፈረንጆቹ ኦቲዝምን የሚያመጣው የእናት ቅዝቃዜ ነው ይሉ ነበር። የስንቷን እናት ልብ ከሰበሩ በኋላ ተዉት። ስለ ብረታ ብረትና ስለ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚወራው ወሬ እዚያው የድሮ ወንበር ላይ እናትን መልሶ ሲያስቀምጣት አያለሁ። ተናድጄ የምጽፈውም ስለዚህ ነው። ከአንድ ልጅ ኦቲዝም ተነስቶ ወደ አንዲት ክኒን ወይም ወደ አንድ ድስት የሚወስድ መንገድ እስካሁን ማንም አላሳየም። ሌድ የሚያደርሰው ጉዳት ግን በብዙ ሕፃናት ላይ ተለክቶ ታይቷል። በ2020 ዩኒሴፍና አንድ አጋሩ ባወጡት ዘገባ በዓለም ላይ ከ3 ልጆች የ1ዱ ደም ውስጥ አሳሳቢ የሌድ መጠን አለ፤ እስከ 800 ሚሊዮን ልጅ ማለት ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ኦቲዝም የለባቸውም። "ምን ነካው" የሚላቸውም የለም።

ለማሙሽ የሚጠቅመው ሌላ ነው። ዘሚ የኑስ ልጇን ይዛ መሄጃ ስታጣ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። በ2021 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ስለ እነዚህ ልጆች በየአደባባዩ ስትናገር ኖራለች። ጠብታ አልሸጠችም፤ ልጆቹ እንዴት እንደሚማሩ ነበር የምትፈልገው። እዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይሰጣል። ልጁ ራሱ ልብሱን እንዲለብስ፣ ድምፅ ሲበዛበት እንዲረጋጋ የሚያለማምዱ ባለሙያዎች ማለት ነው። ለጠብታው ሊወጣ የነበረው ብር ለመመላለሻና ለአስጠኚ ውሏል።

መስኮቱን በተመለከተ፣ ኢትዮጵያ በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለ ሌድ ከሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ ከልክላለች። የድሮውን ቀለም ግን ደንብ አይልጠውም። አከራዩ በብረት ብሩሽ በደረቁ ሊፍቁት መጥተው ነበር፤ ያን ቢያደርጉ ቤቱ በሙሉ አቧራውን ይተነፍስ ነበር። በውሃ እያራስን፣ ሥሩ ላስቲክ አንጥፈን፣ ልጆቹን እማማ ቤት ልከን እንድንፍቀው አሳመንኳቸው። ለአዲሱ ደግሞ ከሌላ ሥራ የተረፈ ቢጫ ቀለም መጋዘን ውስጥ እንዳላቸው በደስታ ነገሩኝ። እሱን ለማስቀረት ገና እየተጨቃጨቅን ነው።

እስከዚያው እህቴ አልጋውን ከመስኮቱ አራቀችው። ማሙሽ ወዲያው የበሩን ማጠፊያ አገኘ። ማጠፊያው ቀለም ነክቶት አያውቅም፤ ባዶ ዝገት ነው። "ዝገት እኮ አይረን ነው፤ ከሽሮፑ ይረክሳል" አልኳት። በነጠላዋ ጫፍ መታችኝ።